የመቀነት ጫፍ ሳንቲም ወዴት ትደርሳለች?

የአገራችን እናት ገንዘቧን የምታኖረው በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ነው። ከበርበሬው፥ ከቡናውና ከከሰሉ ወጪ ተርፋ የተቋጠረችው ሳንቲም እሑድ ጠዋት ትፈታለች። አንዲቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠው ነዳይ፥ አንዲቱ ለሙዳየ ምጽዋት፥ አንዲቱም ለማኅበሩ ሣጥን ትሆናለች። ዛሬ ብዙዎቻችን ገንዘብ የምንሰጠው በስልክ ቢሆንም ቋጠሮው ስፍራውን ለወጠ እንጂ ልማዱ አልጠፋም። ሰጪዪቱ ግን ዘመኗን ሁሉ አንድ ነገር ሳታውቅ ትኖራለች፤ ይኸውም ሳንቲሚቱ ከእጅዋ ከወጣች በኋላ ወዴት እንደምትደርስ ነው። ውድ አንባቢያን፥ በዚህ ወር ዐምዳችን የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራዳ አካባቢ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ ያረጁ ሠፈሮች ፈርሰዋል። ከእነርሱም መካከል በተለምዶ ውቤ በረሃ የምንለው የደጃች ውቤ ሠፈር ብዙ ቤቶቹን አጥቷል፤ ነዋሪዎቹም በከተማዪቱ ዳርቻ ወደሚገኙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሄደዋል። ቤት ሲፈርስ የሚፈርሰው ግድግዳው ብቻ አይደለም። በአንድ ግቢ ቡና ይጠራሩ የነበሩ፥ በሐዘን ጊዜ ድንኳን አብረው የሚተክሉ፥ በወር አንድ ቀን በጻድቁ ወይም በሰማዕቱ ስም ጽዋ የሚጠጡ ጎረቤቶች ይበተናሉ። በእንደነዚህ ያሉት የእናቶች ማኅበራት ውስጥ አሁን የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ እንግዲህ ከተራራቅን በሣጥኑ ያለውን ገንዘብ ተካፍለን እንለያይ ወይስ ማኅበሩን እናቆይ? የሚል ነው። ሲሰሙት የገንዘብ ጥያቄ ይመስላል፤ በውስጡ ግን የብዙ ሴቶችና ሕፃናት ዕድል አለ። እንዴት እንደ ሆነ ቀስ ብለን እንመልከት።

ከሁሉ አስቀድሞ ስጦታን የሚመዝነው ማን እንደ ሆነ ማሰብ ይገባናል። ጌታችን በቤተ መቅደስ በመባው ሣጥን ፊት ተቀምጦ ሳለ ባለጠጎች ብዙ ገንዘብ ሲጥሉ ተመለከተ፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ድሃ መበለት መጥታ ሁለት ጥቃቅን ሳንቲሞች ጣለች። እርሱም ከሁሉ የበለጠ የሰጠችው እርሷ መሆኗን ለደቀ መዛሙርቱ አስተማራቸው፤ ሌሎቹ ከትርፋቸው ሲሰጡ እርሷ የሰጠችው ኑሮዋን ነውና። እንደዚሁም በኢዮጴ ከተማ ጣቢታ የምትባል ደቀ መዝሙር ነበረች። በሞተች ጊዜ መበለቶች ቅዱስ ጴጥሮስን ከበው እያለቀሱ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ያሳዩት ነበር። ይህን ልብ እንበል። መበለቶቹ ያቀረቡት መዝገብ ወይም የምስክር ወረቀት አልነበረም፤ የጣቢታ ሒሳብ የተጻፈው በመበለቶቹ ገላ ላይ ነበር። የሴቶች ማኅበር ምን ሠራ ተብሎ ሲጠየቅ መታየት ያለበት እንዲህ ያለው መዝገብ ነው።

አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። ደጃች ውቤ ሠፈር ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው። እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ጥንታውያን ሠፈሮች በመኳንንት ስም የተጠራ፥ በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደወል ድምፅ ውስጥ የሚገኝ ሠፈር ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት የከተማዪቱ ትልቅ ገበያ የሚቆመው በዚሁ በአራዳ ነበር፤ ጣልያኖች ገበያውን ወደ መርካቶ አዛወሩት። ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ሠፈሩ በመጠጥ ቤቶቹና በጭፈራ ቤቶቹ ስሙ ገነነ፤ በረሃ የሚለውም ቅጽል ከዚያው ኑሮው ጋር ተያይዞ ቀረ። ስለ ውቤ በረሃ ብዙ ተዘፍኗል፥ ብዙም ተጽፏል። ይሁን እንጂ አብዛኛው የተወራው ስለ ሌሊቱ ነው፤ ስለ ንጋቱ የተወራው ጥቂት ነው።

በንጋት ምን ይታይ ነበር? በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ዓይነት ሴቶች ይተላለፉ ነበር። አንደኛዋ ነጠላዋን አጣፍታ ለኪዳን ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ የምትገሠግሥ የቤት እመቤት ናት፤ ሁለተኛዋ በር ዘግታ፥ ብርጭቆ አጥባ፥ የደከመ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ የምትተኛ ናት። ሁለቱም ክርስትና የተነሡ፥ ሁለቱም ማርያም ማርያም እየተባለላቸው የተወለዱ ናቸው። ከሁለተኞቹ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡት ዘፈን ወድደው አልነበረም። በዘጠኝና በዐሥር ዓመታቸው ለማያውቁት ሰው ተድረው፥ ከዚያ ትዳር አምልጠው፥ በከተማ ዘመድም ትምህርትም ሳይኖራቸው የቀሩ ልጆች ነበሩ። አንዲት ልጅ በማታ ከመኪና ወርዳ የምታድርበትን ስታጣ፥ እጇን የሚይዛት የመጀመሪያው ሰው ማን መሆኑ የሕይወቷን መንገድ ይወስናል። ይህ በውቤ በረሃ ዘመን ብቻ የነበረ ነገር አይደለም፤ በአውቶቡስ ተራ ዛሬም ይታያል።

ይህን በምሳሌ ሳይሆን በእውነተኛ ታሪክ ላስረዳ። በጣልያን ወረራ ዘመን በሰሜን ሸዋ አንዲት ሕፃን ተወለደች። አባቷ በዚያው ጦርነት ስለ ሞተ በአያቶቿ ቤት አደገች። በዐሥር ዓመቷ ገደማ ያለ ፈቃዷ ተዳረች፤ ከዚያም ትዳር አምልጣ ወደ አዲስ አበባ መጣች። እስከዚህ ድረስ ታሪኳ ከእነዚያ ልጆች ታሪክ አይለይም። እርሷ ግን በከተማዪቱ የሚያስጠጋትና መሠረታዊ ትምህርት የምታገኝበት ዕድል ገጠማት፤ አድጋም የቡናና የእህል ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነች። ይህች ሴት ከጊዜ በኋላ ኢትዮጵያ በሙሉ ያወቀቻቸው ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ወይዘሮ አበበች እንደ ማንኛዋም ምእመን ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወሎ ወረዱ። ዘመኑ የረሀብ ዘመን ነበረ። በመንገዱ ዳር የወደቁትን ሰዎች ባዩ ጊዜ በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጸበል ብቻ ነበር፤ ያንኑ አከፋፈሉ። በሞተች እናቷ አጠገብ በሕይወት ያለች ሕፃን አገኙ፤ ወደ አዲስ አበባም የተመለሱት ሁለት ሕፃናት ይዘው ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ባለቤታቸውና ዘመዶቻቸው ይህን እብደት ነው ብለው ስለ ተቃወሙ ከሞቀ ቤታቸው ወጥተው ከልጆቹ ጋር ለብቻቸው ኑሮ ጀመሩ፤ እንጀራና ቆሎ እየሸጡም አሳደጓቸው። ከዚያ ትንሽ ጅማሬ የተነሣው ድርጅት እጓለ ማውታን ከማሳደግ አልፎ ለድሆች እናቶች ሙያ የሚያስተምር፥ ትምህርት ቤት የሚያቆም ትልቅ ተቋም ሆነ። ወይዘሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም ዐርፈዋል፤ ሥራቸው ግን አላረፈም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ወይዘሮ አበበችን ከመጠጥ ቤት ደጃፍ የለየቻቸው ገና በልጅነታቸው የገጠመቻቸው አንዲት የመጠጊያ ዕድል ናት። ያች ዕድል ስንት ብር እንዳወጣች ማንም አልመዘገበም፤ ምናልባት የአንድ ሰው እራትና አንድ ደብተር ብትሆን ነው። ፍሬዋ ግን ስፍር ቁጥር የሌለው ሕፃን ሆነ። በውቤ በረሃ ወድቀው ከቀሩት ልጆች መካከል ስንት አበበቾች እንደ ነበሩ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

እንግዲህ የሳንቲሚቱን መንገድ ከአንድ ቤት አውጥተን በአገርና በዓለም እንከተላት። ጣልያን ሊወርረን በተዘጋጀበት እ.ኤ.አ. በ1935 በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። ልዕልት ፀሐይ ከወይዛዝርቱ ጋር ሆነው ለዘማቾች ፋሻና ልብስ በማዘጋጀት ደከሙ፤ እቴጌይቱም በራዲዮ ለዓለም እናቶች የሰላም ጥሪ አሰሙ። ወረራው ሲመጣ ልዕልት ፀሐይ ከቤተሰባቸው ጋር በእንግሊዝ አገር ተሰደዱ። በስደት ሳሉ ግን ቁጭ ብለው ማዘንን አልመረጡም፤ በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ። የንጉሥ ልጅ ሆነው የድሃ ሕፃን አልጋ አነጠፉ ማለት ነው። ወደ ነጻ አገራቸው ተመልሰው ሕልማቸውን ሊፈጽሙ ሲነሡ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በለቀምት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በወጣትነታቸው ዐረፉ።

በእንግሊዝ አገር የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክረስት በልዕልቲቱ ስም ሆስፒታል ይሠራ ዘንድ ተነሡ። ከብዙ ሰዎች እጅ ጥቂት በጥቂት ገንዘብ ተሰበሰበ፤ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. በ1951 ሥራ ጀመረ። ይህም ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። ሲልቪያ ፓንክረስት በመጨረሻ ዘመናቸው አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሞቱም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

የሳንቲሚቱ መንገድ በዚህ አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1959 ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ከአውስትራሊያ ወደዚሁ ሆስፒታል መጡ። የመጡት አዋላጆችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር፤ የታሰበውም ለሦስት ዓመት ያህል ነው። በሆስፒታሉ ደጅ ግን ያልጠበቁትን ነገር አገኙ። ከሩቅ ገጠር በእግርና በጭነት መኪና የመጡ፥ ሽንታቸውን መቆጣጠር የማይችሉ፥ ከባልም ከጎረቤትም የተለዩ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ይህ ደዌ ፊስቱላ ይባላል። ሐኪምና አዋላጅ በሌለበት ስፍራ ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን አካል ተጭኖ ይጎዳዋል። ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ይሞታል፤ እናቲቱም ለዘወትር ይህን መከራ ተሸክማ ትቀራለች። አካሏ ሳይጠነክር የተዳረች ልጅ ለዚህ ይበልጥ ትጋለጣለች። ሰው እርግማን ይለዋል እንጂ እርግማን አይደለም፤ በጊዜ ብትታከም የማይደርስባት፥ ከደረሰባትም በኋላ በቀዶ ሕክምና ሊድን የሚችል ጉዳት ነው።

ሁለቱ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1974 ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ሕክምናው ያለ ክፍያ ነው፤ ወጪውም በአብዛኛው የሚሸፈነው በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች፥ ከእነርሱም መካከል ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፥ በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። እስካሁን ከ60,000 በላይ ሴቶች በዚህ ሆስፒታልና በባሕር ዳር፥ በመቐለ፥ በይርጋለም፥ በሐረርና በመቱ ባሉት ቅርንጫፎቹ ታክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2007ም የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ለሦስት ዓመት የመጡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይተው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ከታከሙት አንዷን ላንሣ። ማሚቱ ጋሼ በልጅነቷ ከገጠር የመጣች፥ ለቀናት አምጣ ልጇን ያጣች ታካሚ ነበረች፤ ማንበብና መጻፍም አታውቅም ነበር። ከዳነች በኋላ በሆስፒታሉ ቀርታ አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፤ ቀጥላም ሐኪሞቹን መርዳት፥ በመጨረሻም ራሷ ቀዶ ሕክምናውን መሥራት ተማረች። ዛሬ በዓለም የታወቀች የፊስቱላ ቀዳጅ ሐኪም ናት፤ ከሌላ አገር የመጡ ሐኪሞችም በእጅዋ ተምረዋል። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ መንገዱን ወደ ኋላ ተመልሰህ ቁጠረው። በለንደን አንዲት ሴት ከሳምንት ወጪዋ ቀንሳ በኢትዮጵያዊት ልዕልት ስም የሰጠችው ገንዘብ ጡብ ሆነ፤ ጡቡ ሆስፒታል ሆነ፤ ሆስፒታሉ ሁለት ሐኪሞችን ጠራ፤ ሐኪሞቹ ከገጠር የመጣችውን ልጅ አዳኑ፤ የዳነችውም ሌሎችን አዳነች። ያች የለንደን ሴት ስለ ማሚቱ ምንም ሳትሰማ ሞታ ይሆናል። ሳንቲሚቱ ግን ደርሳለች።

ስጦታ ከውጭ ወደ እኛ ብቻ የሚመጣ አይምሰለን። የእኛም ሴቶች ወደ ውጭ ሰጥተዋል። እቴጌ ጣይቱ በኢየሩሳሌም ላሉት መነኮሳት መተዳደሪያ የሚሆን ቤት አሠርተዋል። በዚያው በኢየሩሳሌም በደብረ ገነት ገዳም ብዙ ዘመን የኖሩትን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። እማሆይ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሜዳ ላይ የሚያድሩትን፥ በልመና የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች ተመለከቱ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ፒያኖ ነበረ። በዚያው ሙያቸው ድሆች ልጆችን ለመርዳት ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር ያሳተሙት ሸክላ ገቢው ለእጓለ ማውታ መርጃ እንዲሆን የታሰበ ነበር። በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ዜማቸው በብዙ አገር ይሰማ ነበር። ገንዘብ የሌላት ሴት ሙያዋን ትሰጣለች፤ ሙያ የሌላት ጊዜዋን ትሰጣለች፤ ፈጽማ ምንም የሌላት ሴት ግን አላየሁም።

በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ያሉት እኅቶች እንዴት እንደሚሠሩም ማወቅ ይጠቅመናል። በአሜሪካ የሚኖሩ የግሪክ ኦርቶዶክስ እናቶች እ.ኤ.አ. በ1931፥ የሥራ እጦትና ችግር በበዛበት ዘመን፥ በሊቀ ጳጳሳቸው በአቴናጎራስ መሪነት ፊሎፕቶኮስ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ትርጓሜውም የድሆች ወዳጅ ማለት ነው። በየአጥቢያው ያለችው ትንሽ ማኅበር ከሌላዪቱ ጋር ተሳስራ እስከ ዛሬ ትሠራለች። በእስያም እ.ኤ.አ. በ1956 ሻንቲ ሰሎሞን የተባለች የሕንድ ክርስቲያን ሴት ወደ ኮሪያ እንዳትገባ ፈቃድ ተከለከለች፤ ጓደኞቿ ሲሄዱ እርሷ በፊሊፒንስ ቀረች። በዚያ ሳለች በልቧ አንድ ሐሳብ ተፀነሰ። መንግሥታት በር ቢዘጉ ጸሎትና ትንሽ ሳንቲም ወሰን አያግዳቸውም ብላ፥ እያንዳንዷ ሴት በጸለየች ጊዜ የአገሯን ከሁሉ ያነሰች ሳንቲም እንድታስቀምጥ አሳሰበች። የትንሿ ሳንቲም ኅብረት የተባለው ማኅበር በዚህ ተጀመረ፤ ከየአገሩ የተሰበሰበውም በልዩ ልዩ አገር ላሉ ሴቶችና ሕፃናት ሥራ ይውላል። የዚህ ሥርዓት ጥበቡ ባለጠጋዋም ድሃዋም እኩል መስጠታቸው ነው። አንዲቱ ሰጪ ሌላዪቱ ለማኝ፥ አንዲቱ የተከበረች ሌላዪቱ ያፈረች አትሆንም።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ሦስት ነገር ሊመልስልኝ ይችላል። አንዱ፥ እኛ ራሳችን ድሆች ነን፥ ኑሮው ከብዷል፥ ከምን ላይ እንሰጣለን? ይላል። እውነት ነው፤ ኑሮው ከብዷል። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሠላሳ እናቶች ያሉበት ማኅበር እያንዳንዷ በወር 50 ብር ብታኖር በወር 1,500፥ በዓመት 18,000 ብር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ ለአንዲት እናት የእንጀራ ምጣድና የመነሻ ጤፍ፥ ለብዙ ሕፃናትም ደብተርና እስክርቢቶ ሊገዛ ይቻላል። ሁለተኛው፥ መስጠት ሰውን ያሰንፋል ይላል። ያለ ልክና ያለ ማስተዋል የተሰጠ እንደዚያ ሊያደርግ ይችላል፤ ነገር ግን በሆስፒታል የዳነችው ማሚቱ አልሰነፈችም። ሦስተኛው፥ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው ይላል። መንግሥት የሚሠራው እንዳለ ሆኖ፥ ማታ ከመኪና የወረደችውን ልጅ ስሟን ጠይቆ ወደ ቤት የሚያስገባ ጎረቤት እንጂ ደብዳቤ አይደለም።

እንግዲህ የተበተኑት ማኅበራት ምን ያድርጉ? ብዙ ዘመን በአብነትም በዘመናዊም ትምህርት ቤት የቆየሁ እንደ መሆኔ በመምህር ልማድ ነገሩን በተራ ልዘርዝረው።

አንደኛ፥ ሣጥኑን አትካፈሉት። ለእያንዳንዷ ሲከፋፈል የአንድ ሳምንት ወጪ እንኳ አይሆንም፤ በአንድነት ሲኖር ግን የአንዲት ልጅ ዓመት ይሆናል። በየወሩ መገናኘት ካልተቻለ በሦስት ወር አንድ ጊዜ በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም በሚቀርባችሁ ደብር ተገናኙ፤ መዋጮውን በስልክ መላክ ይቻላል።

ሁለተኛ፥ ከድግሱ ቀንሱ። የጽዋ ማኅበር የተሠራው ለጸሎት፥ ለፍቅርና ለነዳያን ነው። ዛሬ ግን በአንዳንድ ቤት ተረኛዋ ከባለፈችው ተረኛ ላለማነስ ስትል ትበደራለች፤ የተጠሩት ጠግበው ሲሄዱ በበሩ የቆመው ግን ትራፊ ይጠብቃል። አንድ ዓይነት ወጥ ቢቀር ቅዱሱ አይቀየምም። የዚያ ወጥ ዋጋ ወደ ሣጥኑ ይግባ።

ሦስተኛ፥ ሣጥኑ ሁለት ቁልፍና አንድ መዝገብ ይኑረው። ሙሴው ብቻ ወይም ገንዘብ ያዧ ብቻ አይክፈቱት። የገባውና የወጣው በተገናኛችሁ ቁጥር ይነበብ። ይህ መተማመን ስለ ጠፋ የሚደረግ አይደለም፤ መተማመን እንዳይጠፋ የሚደረግ ነው። ብዙ መልካም ማኅበራት የፈረሱት ሌባ ስለ ገባባቸው ሳይሆን ሐሜት ስለ ገባባቸው ነው።

አራተኛ፥ ለሕፃኑ ስትሰጡ እናቲቱን አትርሷት። በክፍል ውስጥ ራሱን ዴስክ ላይ አድርጎ የሚያንቀላፋውን ልጅ ሰነፍ ነው ብሎ መቅጣት ቀላል ነው፤ ወደ ቤቱ ሄዶ እናቱ ከየት እንደምታመሽ፥ ልጁም ማን ጋር እንደሚያድር መጠየቅ ግን ይከብዳል። ደብተር ለልጁ፥ መሥሪያ ለእናቱ ሲሰጥ ቤቱ ይቆማል። ለልጁ ብቻ ቢሰጥ ግን ደብተሩ ለእንጀራ መሸጡ አይቀርም።

አምስተኛ፥ ያለፈውን አትመርምሩ። ከመጠጥ ቤት የወጣችውን ሴት ኑሮዋን ተርኪልን ማለት፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሰው ማሳየት፥ በልጇ ፊት ስሟን መጥራት ስጦታውን መርዝ ያደርገዋል። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ እንዳያውቅ የታዘዝነው ለእግዚአብሔር ክብር ብቻ ሳይሆን ለተቀባዪቱም ክብር ነው። ይልቁንም በጽዋው ዙሪያ ስፍራ ስጧት፤ ዘንድሮ ተቀባይ የሆነችው በሚመጣው ዓመት 50 ብሯን ይዛ ስትመጣ ታያላችሁ።

አባቶችና ወንድሞች ሆይ፥ ይህ ለሴቶች የተጻፈ ነው ብላችሁ ገጹን አትግለጡት። ወይዘሮ አበበች ከቤታቸው የወጡት ልጆቹን የሚቀበል ባል ስላላገኙ ነው። ሚስታችሁ ከመቀነቷ ጫፍ የምትፈታውን ሳንቲም አትቁጠሩባት፤ ብትችሉ ጨምሩላት። ሴት ልጃችሁንም ሳትማር አትዳሯት፤ በፊስቱላ ሆስፒታል ደጅ ከሚቆሙት፥ በአውቶቡስ ተራ ከሚያድሩት ልጆች መካከል ብዙዎቹ ከቤታቸው ያስወጣቸው እኛ አባቶች የቆረጥነው ቀጠሮ ነውና።

ውቤ በረሃ ከእንግዲህ በቀድሞ መልኩ አይመለስም። ቤቶቹ ፈርሰዋል፤ መብራቱ ጠፍቷል፤ ዘፈኑም በሸክላ ቀርቷል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ደወል ግን አሁንም ይደወላል፤ በዚያ ደወል የተነሡ እናቶችም በየዳርቻው አሉ። አንዲት ልጅ ዛሬ ማታ በማታውቀው ከተማ ከመኪና ትወርዳለች። የእናንተ ሣጥን ተከፋፍሎ ካለቀ የሚቀበላት ሌላ ሰው ነው፤ ሣጥኑ ካለ ግን እናንተ ናችሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላልና፥ ከልብ ካሰብን የምንሰጠው አናጣም።

የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም የተቀበለ አምላክ የእናቶቻችንን ቋጠሮ ይባርክልን፤ የተበተነውን ይሰብስብ፤ መጠጊያ ላጣችውም መጠጊያ እንድንሆን ልብ ይስጠን። አሜን።